ከአቶም የወሰድኩት ጥንካሬ ዘንጌን «አይበገሬ» አደረገው

ጀማሪ_22፦
እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሁለቱም ጫፎቹ የተያዙ አጭርና ወፍራም የአሉሚኒየም ዘንግ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ምን እንደሚሆን በፋይናይት ኤለመንት (አካሉን ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በሚያሰላ ዘዴ) እያሰላሁ ነው። የቁሱን ባሕርይ ከመጽሐፍ ከምቀዳ ከአቶሞቹ ልነሳ ብዬ በሞለኪውላር ዳይናሚክስ (የእያንዳንዱን አቶም እንቅስቃሴ በሚያሰላ ሲሙሌሽን) ጎኑ 10 ናኖሜትር የሆነ ኪዩብ ሠራሁ። ወደ 60 ሺህ አቶም አለው። በ100 ፒኮሰከንድ 10 በመቶ ሳብኩት። ክሪስታሉ መንሸራተት የጀመረው ጥቂት ጊጋፓስካል (አንዱ 1000 ሜጋፓስካል ነው) ጫና ላይ ነው። ያንን ቁጥር የዘንጉ ጥንካሬ ብዬ ትልቁ ሞዴል ውስጥ ከተትኩት። አሁን ዘንጉ ቢሞቅም ቢሞቅም ወይ ፍንክች! ሦስት ቀን ኮዱን ሳገላብጥ ነበር። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሽቦ_ጠምዛዥ፦
ኮድህን ተወው፣ ጤነኛ ይመስለኛል። ችግሩ የሳብከው ክሪስታል እንከን የለሽ መሆኑ ነው። እውነተኛው አሉሚኒየም በዲስሎኬሽን (በአቶም ረድፎቹ ውስጥ ባሉ የመስመር እንከኖች) የተሞላ ነው። ስለዚህ የአቶም ረድፎቹ ሁሉም ባንዴ መንሸራተት አይጠበቅባቸውም፤ ትስስሩ በየተራ ይለቃል። ሳይንቲስቶቹ ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ በ1934 የዲስሎኬሽንን ሐሳብ ያመጡት በስሌቱና በሚለካው ጥንካሬ መካከል ያለውን ይህንኑ ሰፊ ክፍተት ለማስረዳት ነው። ንጹሕና በሙቀት የለሰለሰ አሉሚኒየም በጥቂት ዐሥር ሜጋፓስካል እጅ ይሰጣል፤ ማለትም ቅርጹ ለዘለቄታው ይለወጣል። የአንተን ዘንግ ደግሞ በእጅህ አስላው፦ የመለጠጥ ቋሚው 70 ጊጋፓስካል ሲባዛ በዲግሪ 23 ሚሊዮንኛ የሙቀት መስፋፋት፣ ሲባዛ በ100 ዲግሪ፣ ወደ 160 ሜጋፓስካል የመጨመቅ ጫና ነው። ጊጋፓስካል የሚችል ዘንግ ይሄ ምን ያደርገዋል?

ፍጥነቱም አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ 100 ሰከንድ የሚፈጀውን መሳብ አንተ አንድ ትሪሊዮን ጊዜ አፍጥነህ ጨረስከው። ሙቀት እያገዘው ቀስ ብሎ የሚመጣው መንሸራተት ጊዜ አላገኘም።

ጀማሪ_22፦
ታዲያ ከአቶም ምን ልውሰድ?

ሽቦ_ጠምዛዥ፦
የመለጠጥ ቋሚዎቹንና የሙቀት መስፋፋቱን ውሰድ፤ ግን መጀመሪያ ከተለካው ጋር አስተያይ። ሙቀት ማስተላለፉን ግን እንዳትነካው። እኔ አንዴ ከዚያው ሲሙሌሽን ቀድቼ ሙቀቱ አንድ ጫፍ ላይ ታቁሮ ቀረ፤ ሳምንት ሙሉ ሜሹን (አካሉ የተከፋፈለበትን መረብ) ስረግም ከረምኩ። በብረታ ብረት ውስጥ ሙቀቱን በዋናነት የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ያ ሲሙሌሽን ደግሞ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያለው የአቶም ንዝረት ብቻ ነው።

ለጥንካሬው በመሃል ድልድይ ያስፈልግሃል፦ የዲስሎኬሽን ዳይናሚክስ (የእንከኖቹን እንቅስቃሴ የሚያሰላ)፣ ከዚያ የክሪስታል ፕላስቲሲቲ (ክሪስታሎቹ ቅርጻቸውን ለዘለቄታው ሲለውጡ የሚያሰላ)። ለአንድ ዘንግ ብለህ ግን ይህን ሁሉ አትልፋ። በቤተ ሙከራ የተለካ የጫናና የመለጠጥ ኩርባ አስገባና ተገላገል።

ጀማሪ_22፦
አስገባሁ፤ 30 ሜጋፓስካል ላይ እጅ የሚሰጥ ናሙና ነው። ሙቀቱ 19 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ዘንጉ ለቀቀ። ወደ መነሻው ሳቀዘቅዘው ግን መጨመቁ ቀርቶ ተወጥሮ ተገኘ። ደግሞ ምን አበላሸሁ?

ሽቦ_ጠምዛዥ፦
ምንም። ሲሞቅ መስፋፋት ስለከለከልከው ተጨምቆ ለዘለቄታው አጠረ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላጥር ይላል፣ ጫፎቹን አልለቀቅክለትም። ጫፉን ፍታውና አጥሮ ታገኘዋለህ።