ለክለብ ብቸኛዋ ፊዚዮ ነኝ፤ ከምን ልጀምር?

ጀማሪዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚዮቴራፒ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አምና አንድ የረጅም ርቀት ክለብ ተቀጠርኩ። ሠላሳ ምናምን አትሌት፣ አንድ የማሳጅ አልጋ፣ እና እኔ። የምጠይቀው ሰው የለኝም። በቀደም አንዷ ልጅ ቅልጥሟን አሟት መጣች። ከጀመራት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። አሰልጣኙ «ማሳጅ አድርጊላት፣ ሐሙስ ትራክ ትገባለች» አለኝ። አደረግኩላት። ሐሙስ ሁለት ዙር ሮጣ እያነከሰች ወጣች። አሁን ያጠራቀምኳት ትንሽ ብር አለችኝ። የቴፕ (ጡንቻና መገጣጠሚያ ላይ የሚለጠፈው) ኮርስ ልውሰድ ወይስ የማሳጅ?

የድሮ ፊዚዮ፦
ኮርሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ልጅቷን። ቅልጥሟን በአንድ ጣት ከላይ እስከ ታች እየተጫንሽ ውረጂ። ሕመሙ ረዘም ያለ ቦታ ላይ ከተበተነ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው። ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ከጮኸች፣ ተኝታም የሚያማት ከሆነ ግን አጥንቱን ጠርጥሪ። ማሳጅም ሩጫም ይቁም፣ ሐኪም ይያት። ራጅ መጀመሪያ ላይ ንጹህ ሊመስል ይችላል፣ አትሸወጂ። ኤምአርአይ ነው የሚለየው።

ሌላው ምግብ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጮህለት ጉዳይ ነው፤ የምትሮጠውን ያህል ካልበላች የወር አበባዋ ይዛባል፣ አጥንቷም ይሳሳል። ስለ ወር አበባዋ ሳታፍሪ ጠይቂያት። ጾሙን ተይ አትበያት፣ የነፍስ አባቷ አይደለሽም። ከልምምድ በኋላ እስከ ስንት ሰዓት ባዶ ሆዷን እንደምትቆይ ግን እወቂ።

ጡረተኛው ሯጭ፦
እህቴ፣ አሰልጣኝ «አትሮጥም» ሲሉት ይበሳጫል። እኔም አትሌት ሆኜ እበሳጭ ነበር። «ለሁለት ሳምንት ሩጫ የለም፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ብስክሌት ትመታለች፣ ከዚያ እንደገና እናያታለን» በይው። በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ደግሞ ክሊኒክ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂያቸው። ንጋት 12 ሰዓት ሜዳ ውጪ። ልጆቹ ሕመማቸውን የሚደብቁት ከማያውቁት ሰው ነው። የነገሩሽን ለማናጀር ያወራሽ ቀን ግን አለቀልሽ።

ነርስ ነኝ፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ግሉኮስ። ደከመኝ ያለ አትሌት ሁሉ ቤቱ ድረስ ያስሰክላል። በዋዳ (የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ) ደንብ፣ ሆስፒታል ውስጥ ለሚሰጥ ተገቢ ሕክምና፣ ለቀዶ ጥገና ወይም ለምርመራ ካልሆነ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው። ውድድር ኖረም አልኖረም። አንድ ከረጢት ደግሞ 500 ወይም 1000 ነው! ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ውድድር ላይ ተከልክሏል። የተከለከሉት ዝርዝር በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳል። የሚቀጣው አትሌቱ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ አንቺም ትጠየቂያለሽ። ዋዳ አዴል የሚባል ነጻ የኦንላይን ትምህርት አለው፤ ከዚያ ጀምሪ። ብርሽን አትንኪ።

ከለንደን፦
በቴፑ ላይ እኔም አልስማማም፣ ቶሎ የሚረሳ ሙያ ነው። እንዳንቺ ብቻቸውን የሚሠሩ ሦስት ልጆች ፈልጊ። በወር አንዴ በቴሌግራም ያበላሻችሁትን አንድ አንድ ጉዳይ ይዛችሁ ቅረቡ፣ ያለ አትሌቱ ስም። የተሳካውን ተዉት። እኔ የተማርኩት ከዚያ ነው። ሠርተሽ ስትጠነክሪ የኦሊምፒክ ኮሚቴውን የስፖርት ፊዚዮ ዲፕሎማ ታስቢበታለሽ።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ተጫንኩት። ከቁርጭምጭሚቷ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አንዲት ቦታ። እጄን ያዘችኝ። ለነገ ሐኪም ቀጠሮ ይዘናል። ወረቀቱን ለአሰልጣኙ ሰጠሁት። ዝም ብሎ አነበበውና «ብስክሌቱን ከየት ልታመጪ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሱሉልታ አካባቢ የሚሠራ ብስክሌት ያለው ጂም የምታውቁ አላችሁ?