«ሕፃን ልጅም ይመርጠው ነበር» ላለን የዳላስ ደጋፊ

የላንዶቨሩ፦
ላንዶቨር ላይ የሚጫወተው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ዋሽንግተን ኮማንደርስ በጥር 2025 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በፊላዴልፊያ 55 ለ 23 የተረታበት ቁስል ገና ሳይደርቅ፣ አንድ የዳላስ ደጋፊ ወንድማችን «ጄደን ዳንኤልስ ዕድል ነው፤ ሁለተኛ ተራ ለደረሰው ቡድን ሕፃን ልጅም ይመርጥለት ነበር» ብሎ ጽፎልናል። ዳንኤልስ ኳርተርባካችን፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ያገኘነውም በ2024 ድራፍት፣ ማለትም የሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየዙሩ ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት ነው። በ2023 አራት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በ13ቱ የተሸነፈ ቡድን በማግስቱ ዓመት 12 አሸንፎ እስከ ኮንፈረንሱ (የሊጉ አንድ ግማሽ) ፍጻሜ የዘለቀው በሕፃን ምርጫ ከሆነ፣ የሕፃኑን አድራሻ ለሌሎቹ ቡድኖችም አድርሱላቸው።

የዳላሱ፦
ያልሁትን አልሽርም። ድራፍት ለተሸናፊ የሚሰጥ ካሳ ነው፤ ክፉኛ የወደቀ ቀድሞ ይመርጣል። ዳንኤልስ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘውን የሄይዝማንን ሽልማት ተሸክሞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱን ለማየት መነጽር አያስፈልግም።

ጣሪያ ቆጣሪ፦
በ2012ም ኳርተርባኩ ሮበርት ግሪፈን ያንኑ ሽልማት ተሸክሞ በዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ዋሽንግተን ለዚያች ሁለተኛ ተራ ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ራምስ ለተባለው ቡድን ከፈለ፤ ልጁም በመጀመሪያ ዓመቱ አብቦ፣ ጥር ላይ በሲያትል ጨዋታ ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ የቀድሞውን አቋሙን አላገኘም። በ2014 ራምስ ዋሽንግተንን 24 ለ 0 በረቱበት ዕለት ለሳንቲም ውርወራው አምበል አድርገው የላኩብን በዚያ ልውውጥ ያገኟቸውን ስድስት ተጫዋቾች ነበር፤ ያን ቀን ያየ ሰው ሁለተኛ ተራ ቀላል ነው ሲባል ዝም ብሎ አይሰማም። በ2020 በዚያችው ተራ የተመረጠው ቼስ ያንግ ደግሞ በ2023 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የተሸኘው በአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው።

የዳላሱ፦
ሳታውቀው ደገፍኸኝ። አንዴ የሚሰምር፣ አንዴ የሚከሽፍ ነገር ስሙ ዕድል ነው።

የላንዶቨሩ፦
እንግዲያው አንዱን ያዝ! ሕፃን የሚያውቀው ቀላል ነገር ከሆነ አይከሽፍም፤ የሚከሽፍ ከሆነ ደግሞ ሕፃን አያውቀውም። ራምስ በ2014 ከዋሽንግተን ባገኙት ሁለተኛ ተራ ግሬግ ሮቢንሰንን መርጠው ሳይሆንላቸው ቀረ፤ በዚያው ምሽት በ13ኛ ተራ የወሰዱት ኤረን ዶናልድ ግን የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተሸለመ። ቤቱ አንድ፣ ምሽቱ አንድ፣ መራጮቹም እነዚያው ናቸው፤ ሕፃኑ በየትኛው ተራ ላይ ተኝቶ ነበር?

የአርኤፍኬው አዛውንት፦
ልጆች፣ እኔ በቀድሞው ስታዲየማችን በአርኤፍኬ ዘመን የነበርሁ ነኝ፤ ሁለታችሁም የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ታመልካላችሁ። የዋሽንግተን አሰልጣኝ የነበረው ጆ ጊብስ በ1982፣ በ1987 እና በ1991 የውድድር ዘመናት የሊጉን ዋንጫ ሱፐር ቦውልን ያነሳው በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው፤ የማይለወጠው ከኳርተርባኩ ፊት ቆሞ የሚከላከልለት መስመር ነበር። ከዚያ መስመር ራስ ግሪም የሦስተኛ ዙር ምርጫ ሲሆን፣ ጆ ጃኮቢን ደግሞ በድራፍቱ የመረጠው ቡድን አልነበረም። ቡድን የሚሠራው በካሜራ ፊት በሚጠራ ስም አይደለም፤ ሰው ካልጠራው በኋላ ማን እንደሚፈለግ በማወቅ ነው።

ጣሪያ ቆጣሪ፦
ጋሼ፣ ያነሱት እውነት ነው፤ ነገር ግን በጊብስ ዘመን የደመወዝ ጣሪያ (ቡድን በዓመት ለተጫዋቾች የሚከፍለው ገንዘብ ወሰን) አልነበረም፤ የመጣው በ1994 ነው። ዛሬ የአዲስ ገቢ ኳርተርባክ ትልቁ ጥቅም ርካሽነቱ ነው፤ የዳንኤልስ የአራት ዓመት ውል በድምሩ 38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የዳላሱ ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት ግን በዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን ይወስዳል። ጣሪያው በ2024 ለእያንዳንዱ ቡድን 255.4 ሚሊዮን ስለነበር፣ የዋሽንግተኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስ አንጋፋዎቹን ቦቢ ዋግነርንና ዛክ ኧርትዝን በአንድ አንድ ዓመት ውል ያስገባው በዚያ ክፍተት ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ልጁ በሩን ከፈተ፣ ቤቱን የሞሉት ግን አንጋፋዎቹ ናቸው።

የዳላሱ፦
ፒተርስን ጻድቅ አታድርጉት። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ለኳርተርባኩ ትሬ ላንስ ሦስት የአንደኛ ዙር ምርጫ ሲከፍል እሱ እዚያው ቤት ነበር፤ በማግስቱ ዓመት በመጨረሻዋ 262ኛ ተራ ያገኙት ብሮክ ፐርዲ ባያድናቸው ኖሮ ዛሬ ማንም የፒተርስን ስም ባላነሳ። ይህ ዕድል ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የላንዶቨሩ፦
ያንን ትሬ ላንስን በኋላ በአራተኛ ዙር ምርጫ የገዛው ማን እንደሆነ ለምን አልጻፍህም? ዳላስ ነው።

የዳላሱ፦
በአራተኛ ዙር መክሰርና በሦስት አንደኛ ዙር መክሰር አንድ አይደለም። ደግሞስ ዳክን ያገኘነው በአራተኛው ዙር፣ በ135ኛ ተራ አይደለም ወይ?

የአርኤፍኬው አዛውንት፦
ይኸው አንተው ራስህ መጣህ፤ 135ኛ ተራ ድረስ የቆየውን ልጅ እናንተም እስከዚያ ድረስ ሦስት ዙር ሙሉ አልፋችሁታል። ሕፃኑም አልነገራችሁም ማለት ነው።

የዳላሱ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ዝም እላለሁ እንጂ መልስ አላጣሁም።

ጣሪያ ቆጣሪ፦
መልሱን ሲያገኝ፣ 60 ሚሊዮን እየተከፈለ በ2024 ለምን ሰባት ጨዋታ ብቻ እንዳሸነፉም አብሮ ያስረዳን።

የዳላሱ፦
ዳክ አብዛኛውን የውድድር ዘመን ተጎድቶ ነበር፤ ስለ ደመወዙ ደግሞ ለብቻው ክርክር ክፈቱ፤ እዚያ ግን አልመጣም።