ጀርመን ላላችሁ፦ የማሞቂያ ሂሳብ ላይ ያለችው የካርቦን ክፍያ

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ፍራንክፈርት ከገባሁ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። የጋዝ ሂሳቤ መጣና ደነገጥኩ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዋጋ የሚል ተጨምሮበታል። ምንድነው? ዝም ብዬ ልክፈል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ለጋዝ ድርጅቱ ክፈዪ፣ ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ከአከራይሽ የምትቀበይው ገንዘብ ሊኖር ይችላል።

ጀርመን በ2045 የአየር ንብረት ብክለቷን አጣፍታ ዜሮ ለማድረስ በሕግ ቃል ገብታለች። በ2030 ደግሞ ከ1990ው በ65 በመቶ ልትቀንስ። መብራቱ ላይ በደንብ ተራምደዋል፤ አገሪቱ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩ ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከመሳሰለው ነው። የከበዳቸው ቤት ማሞቅ ነው። አብዛኛው ቤት ዛሬም የሚሞቀው በጋዝና በነዳጅ ዘይት ነው። ስለዚህ ከ2021 ጀምሮ ነዳጁ ላይ የካርቦን ዋጋ ጣሉበት። በአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 25 ዩሮ ብሎ ጀመረ፣ በ2025 55 ዩሮ ገባ። ሂሳብሽ ላይ ያየሽው እሱን ነው።

ዓላማውን እደግፋለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ተከራይ መስኮት አይቀይርም፣ የማሞቂያውን ዓይነት አይመርጥም፣ ክፍያው ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ ነበር። ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ አከራይም እንዲካፈል ተደርጓል። ቤቱ በዓመት በካሬ ሜትር 52 ኪሎና ከዚያ በላይ ካርቦን የሚያወጣ ከሆነ አከራዩ የካርቦን ክፍያውን 95 በመቶ ይሸፍናል። ከ12 ኪሎ በታች ከሆነ ሁሉም በተከራይ ነው። መሀሉ ላይ በደረጃ ይሄዳል። ባጭሩ ቤቱ ብርድ የሚያስገባ በሆነ ቁጥር የአከራዩ ድርሻ ይጨምራል።

የጋዝ ውሉ በስምሽ ስለሆነ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ሂሳቡ ከደረሰሽ በ12 ወር ውስጥ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኢሜይልም ይበቃል። የኢኮኖሚ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ማስያ አለ፤ ቁጥሮቹ ሂሳብሽ ላይ ስላሉ ማስገባት ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያው ዓመት አመለጠኝ። ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ነበር።

ማሞቂያችሁ የሕንፃው የጋራ የሆነ ደግሞ ኔበንኮስተኑን፣ ማለትም አከራዩ ከኪራይ ሌላ የሚያስከፍላችሁን የቤት ወጪዎች ሂሳብ፣ እዩ። ማስላት ያለበት አከራዩ ነው። ካላካፈለ ከማሞቂያ ድርሻችሁ 3 በመቶ መቀነስ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ቢቆጣስ? ቤቱን ያገኘሁት በስንት መከራ ነው።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ ሁላችንም አልፈንበታል። ጊዜ ያልተገደበለት ውል ካለሽ ግን ሕጉ የሚቀበለው ምክንያት ሳይኖር አብዛኛውን ጊዜ ማስወጣት አይችልም። መብት መጠየቅ ደግሞ ምክንያት አይሆንም። ከተማሽ ያለው የተከራዮች ማኅበር፣ ሚተርፈራይን፣ አባል ስትሆኚ ደብዳቤውን ያይልሻል። እስከዚያው ስምና አድራሻሽን ሸፍነሽ ሂሳቡን እዚህ ለጥፊው። ዛሬ ማታ አብረን እናሰላዋለን።