ለማናውቀው ሰማይ «አለን» ብለን እንጣራ?

ጠያቂ፦ በ2017 ከኖርዌይ ትሮምሶ ወደ ሉይተን ኮከብ የሬዲዮ መልእክት ተልኳል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ኮከቡ 12 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ብርሃንም ሬዲዮም እዚያ ለመድረስ 12 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል ማለት ነው። እዚያ የሚሰማ ፍጡር ኖሮ ቶሎ ከመለሰ፣ መልሱ በ2042 አካባቢ ይደርሳል። እንዲህ መጣራት ልክ ነው?

የሌሊት ወፍ፦ በፍጹም! «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ማለት ይሄ ነው። ማን እንደሚሰማን ሳናውቅ አድራሻ እንሰጣለን? የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እንኳ በ2010 አስጠንቅቆ ነበር። ኮሎምበስ ሲመጣ የአሜሪካ ነባሮች ምን እንደገጠማቸው አስታውሶ።

ቲቸር፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቴሌቪዥኑም ራዳሩም ወደ ሰማይ ሲረጭ ስንት ዓመቱ! አሁን ዝም ብንል ምን ዋጋ አለው?

የሌሊት ወፍ፦ ይለያያል እንጂ ቲቸር። የቲቪ ሞገድ እየተበተነ ይደክማል። ተነጣጥሮ የሚላክ ሌላ ነው። በ1974 ፖርቶ ሪኮ የነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ መልእክት ወደ ኤም13 የኮከብ ክምችት ሲልክ፣ መልእክቱ በተላከበት ጠባብ የሞገድ ክልል ከፀሐይ በላይ ደምቆ ነበር።

ቲቸር፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ረታኸኝ። ግን ኤም13 25,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል እኮ። መልሱን 50,000 ዓመት ልትጠብቅ ነው? እውነቱን ለመናገር ያ መልእክት የታደሰው ቴሌስኮፕ ምርቃት ድምቀት ነበር። ቴሌስኮፑም በ2020 ፈርሷል።

ሳባ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ማን ወከላቸው? በዚያ መልእክት የሰው ምስል አለ፣ ዲኤንኤያችን አለ። ያኔም የእንግሊዙ አስትሮኖመር ማርቲን ራይል ተቃውሞ ነበር። በ1989 ተመራማሪዎች ባወጡት መርህ፣ ከሌላ ዓለም ፍጡራን ምልክት ቢገኝ እንኳ ዓለም ሳይመክርበት መልስ አይላክም። ለመመለስ ምክክር ካስፈለገ፣ ቀድሞ ለመጥራትማ እንዴት አያስፈልግም?

ማኪያቶ፦ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ዝም ካለ ማን ይጀምር ታዲያ? በ1977 ኦሃዮ ውስጥ «ዋው» የተባለው የሬዲዮ ምልክት ከሰማይ 72 ሰከንድ ተሰማ፣ ከዚያ ጭጭ። ምናልባት እነሱም እንደኛ እየፈሩ ይሆናል 😄

ሳባ፦ ወይም ጭራሽ የሉም።

የሌሊት ወፍ፦ ከሌሉማ መልእክቱ ለማን ነው? ካሉ ደግሞ እነሱ ይጀምሩ። እኛ ሬዲዮ የሠራነው ትናንት ነው።

ቲቸር፦ ይሁን። የሉይተኑን ግን ማንም አይመልሰውም፤ ከመንገዱ ግማሹን አልፏል።