ዊንዶውስ 7 እና ኡቡንቱ በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ይንቀረፈፋሉ፤ ምን ላስተካክል?

ጥያቄ (የሒሳብ ሠራተኛዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ኤችፒ ነው፤ ራም 8 ጊጋባይት፣ ኤስኤስዲ 256 ጊጋባይት፣ ዋናው ሲስተም ዊንዶውስ 11። ሒሳቡ በድሮ ፒችትሪ ስለሚሠራ ለእሱ ዊንዶውስ 7፣ ለልምምድ ደግሞ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ በቨርቹዋልቦክስ 7 (በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ሲስተም እንደ ራሱን የቻለ «ማሽን» የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ጭኛለሁ። ሁለቱም በጣም ይንቀረፈፋሉ፤ ከመስኮቱ ግርጌም የአረንጓዴ ኤሊ ምልክት ይታያል። የፒችትሪውን ዳታስ የት ባስቀምጠው ይሻላል?

ሰርቨር ክፍል፦
እህቴ፣ ኤሊው የሚታየው የዊንዶውስ 11 የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ (ሃይፐር-ቪ) ፕሮሰሰሩን ቀድሞ ሲይዘውና ቨርቹዋልቦክስ በእሱ በኩል ለመሥራት ሲገደድ ነው። «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ውስጥ ገብተሽ «ሃይፐር-ቪ»፣ «ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም» እና «ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም» ላይ ያለውን ምልክት አንሺ። ከዚያ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ላይ «ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ»፣ «ኮር አይሶሌሽን» ውስጥ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ»ን አጥፊና ሪስታርት አድርጊ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አጥፍቶ ይቺን ስለሚረሳት ኤሊው አይለቀውም። ጠፍቶ እንደሆነ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን»ን ከፍተሽ መጨረሻው ላይ እዪ፤ ሃይፐርቫይዘር ተገኝቷል የሚል መስመር ካለ ገና አልጠፋም። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የደህንነት መከላከያ መሆኑንም እወቂ፤ በላፕቶፑ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም አትጫኚ። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ወይም ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚሠራውን ሊኑክስ (ደብልዩኤስኤል 2) የሚጠቀም ካለም ይቆምበታል።

ጥገና ቤት፦
ለሌሎችም ይጠቅማል፦ ኤሊው ሳይኖር የ64 ቢት ሲስተም አልነሳ ካለ ችግሩ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው ማስተካከያ) ላይ ነው። ኤችፒ ላይ ሲነሳ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2 ተጭናችሁ «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»ን አብሩ።

ራም ላይ ደግሞ 8 ጊጋ ለሦስት ሲስተም አይበቃም፤ ሁለቱን በአንዴ አታስነሺ። ለዊንዶውስ 7 2048 ሜጋባይትና 2 ኮር ይበቃዋል። ሙሉው ኡቡንቱ 4 ጊጋ ይፈልጋል፤ በእሱ ፋንታ ቀለል ያለውን የኡቡንቱ ዓይነት፣ ሉቡንቱን፣ በ2 ጊጋ ጫኚ። የዊንዶውስ 7 ዩኤስቢም 2.0 ላይ ይሁን፤ ለ3.0 የሚሆን ድራይቨር ከራሱ ጋር አይመጣም፣ ፍላሽ አያነብልሽም።

ኬብል፦
ዳታውን ሼርድ ፎልደር (ዋናው ሲስተምና ማሽኑ የሚጋሩት ፎልደር) ላይ አድርጊው፤ ከዋናው ሲስተም በቀላሉ ታገኚዋለሽ።

ሰርቨር ክፍል፦
ኬብል፣ ለወርድና ለኤክሴል ፋይል ልክ ነህ፤ ለፒችትሪ ግን አይሆንም። ፒችትሪ ፋይሎቹን የሚከፍተው በዳታቤዝ ሞተር ነው፤ ሞተሩ የሚፈልገውን የፋይል መቆለፍ ሼርድ ፎልደር በትክክል አይሰጠውም። ዳታው ዊንዶውስ 7 የራሱ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ በየቀኑ ከፒችትሪ «ባክአፕ» ብለሽ የሚወጣውን ፋይል ብቻ ወደ ሼርድ ፎልደር ቅጂ።

ከሁሉም በላይ ስናፕሾትን (ማሽኑን በኋላ ወደዚያ ሰዓት ሁኔታ ለመመለስ የሚነሳ ቅጂ) እንደ ባክአፕ እንዳትቆጥሪው። የሰኞውን ስናፕሾት ዓርብ ብትመልሺው ከሰኞ በኋላ የመዘገብሽው ደረሰኝ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው ለዳታ ብቻ 10 ጊጋባይት ሁለተኛ ዲስክ መፍጠርና ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ዓይነቱን «ራይትስሩ» ማድረግ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዲስክ ስናፕሾት አይነካውም። ስናፕሾት የምታነሺውም ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ዘግተሽ ይሁን።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ሜሞሪ ኢንተግሪቲን ሳጠፋው ኤሊው ሄደ፣ ፍጥነቱም ተስተካከለ። አመሰግናለሁ! ማሽኑን በ32 ጊጋ ፍላሽ ወደ ቤት ልወስድ ስል ግን ኮፒው እምቢ አለኝ፤ ፍላሹ ባዶ ነው።

ጥገና ቤት፦
ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የቆየ ፎርማት ነው ማለት ነው፤ 4 ጊጋ የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጊው። ማሽኑን መጀመሪያ ሹትዳውን አድርጊ፤ «ሴቭ ስቴት» ላይ ያለ (ሳይዘጋ ባለበት የቆመ) ማሽን ሌላ ፕሮሰሰር ላይ ላይነሳ ይችላል። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የደህንነት ማሻሻያ ስለማያገኝ ኔትወርኩን «ኖት አታችድ» አድርጊው፤ ፒችትሪ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።