የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ መጀመሪያ ንባብ ወይስ የፈጠራ ማዕከል? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም አባላት። የረቂቁ መግቢያ «ትምህርት ሲሻሻል ፈጠራ ያብባል፣ አገርም ትበለጽጋለች» ይላል። ከዚያ በባሕር ዳር ዙሪያ ለ3 ትምህርት ቤቶች 20 ኮምፒውተር ያለው የፈጠራ ማዕከል ይጠይቃል። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት።

የትምህርት ዕቅድ ባለሙያ፦ መግቢያው እንዲህ በጅምላ ከቀረበ አያስኬድም። ክፍል ውስጥ የተቆጠረ ዓመት ብቻውን አገር አያሳድግም። በ1960 እ.ኤ.አ. ላቲን አሜሪካ በትምህርት ቆይታ ከምሥራቅ እስያ አታንስም ነበር፤ በኋላ የቀደመችው ግን ልጆቿ በትክክል የተማሩላት ምሥራቅ እስያ ናት። የእኛን እንይ፦ የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ሁሉም 12ቱን ክፍል ጨርሰው ነው የተፈተኑት። ችግሩ ከታች ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ንባብ ላይ ይዋል።

የብረታ ብረት ወርክሾፕ አባል፦ ንባቡን እደግፋለሁ፣ ግን እዚያ ላይ ካቆምን የምናፈራው ፈተና አላፊ ብቻ ነው። ደቡብ ኮሪያ ትምህርቱን ከፋብሪካና ከውጭ ንግድ ጋር ነው ያስኬደችው። እዚህ የፎገራ ሩዝ መውቂያ ይፈልጋል፤ ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ማጨጃ ይፈልጋል። ብየዳ የሚችል ወጣት ሞልቷል፤ የሚጎድለው ስሌቱ ነው። በደቂቃ 1500 ዙር የሚዞር ሞተር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሊ (ቺንጊያ የሚጠመጠምበት ጎማ) ካለ፣ መውቂያውን በ500 ዙር ለማዞር የእሱ ፑሊ 30 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። በግምት 20 የተገጠመለት እንደሆነ 750 ይዞራል፤ ሩዙ ይሰባበራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ይህ የጥምርታ ትምህርት ነው፤ ልጆቹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጂ እጃቸው ላይ አላዩትም።

የአማርኛ መምህርት፦ ጋሼ ልክ ነዎት፤ ጥምርታውም ቢሆን ጥያቄውን አንብቦ ለተረዳ ነው። ልጆቹ ምን ያህል እንደሚያነቡ መጀመሪያ መፈተን ስላለብን፣ ስለ መለኪያው ልጨምር። ፊደል ገበታውን በተራ አናስነብብ፤ ልጆች በዜማ ሸምድደውታል። «ሬ»ን ለብቻዋ ስታሳዩት ከ«ረ፣ ሩ፣ ሪ» ጀምሮ እየቆጠረ የሚደርስባት ልጅ ፊደል ገና አልለየም። 231ዱን ፊደላት አቀላቅለን እናትም። ቀጥሎ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ ታሪክ። አንቀጹ ውስጥ «ገና ገና አልደረሰም» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ማጥበቁና ማላላቱ ስለማይጻፍ፣ የትኛው ገና በዓሉ እንደሆነ የሚለየው የገባው ልጅ ብቻ ነው። ፍጥነትን በቃል ብዛት መለካትም ከእንግሊዝኛ የመጣ ስለሆነ ያሳስታል፤ «አልሰጣቸውም» አንድ ቃል ነው። ፊደል እንቁጠር። ጽሑፉ በ3 ዓይነት ይዘጋጅ፣ አለዚያ በሁለተኛው ቀን መልሱ ክፍሉን ያዳርሳል። ልጁም ጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ውጭ ዛፍ ሥር ይፈተን፤ በዕፍረት ዝም ያለው ማንበብ እንዳልቻለ ተደርጎ ይመዘገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ልጅ 5 ደቂቃ፣ አንድ ክፍል 60 ልጅ ቢሆን 5 ሰዓት ነው። ለ9 ክፍል 45 ሰዓት፤ በ6 ፈታኝ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ሁለት ጠዋት። ከዚያ ልጆቹን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው መድበን በቀን 1 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ12 ሳምንት። ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ስላሉ ሌላው አከፋፈል አይሠራም። ኮምፒውተሮቹን በተመለከተ ረቂቁ ውስጥ የጥገናም የስታቢላይዘርም በጀት የለም፤ መብራት ሲዋዥቅ ይቃጠላሉ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ኮምፒውተሮቹ ወጥተዋል። በምትካቸው ለ7ኛና 8ኛ ክፍል በየትምህርት ቤቱ አንድ የመሥሪያ ጠረጴዛ፦ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ ሜትር፣ 3 መጠን ያላቸው ፑሊዎችና ቺንጊያ፣ በእጅ የሚዞር መዘውር። መግቢያው «ማንበብና ማስላት የቻለ ልጅ፣ የሚሠራበት ቦታ ሲያገኝ አዲስ ነገር ይፈጥራል» በሚል ተተክቷል። የቀረው የፈረቃ ጉዳይ ነው፦ ከሰዓት ፈረቃ ገብቶ ክፍሉን ሲይዘው የንባብ ሰዓቱ የት ይሁን? መምህርት፣ እርስዎ ከርእሳነ መምህራኑ ጋር እስከ ረቡዕ ተነጋግረው ያሳውቁን።