ሆምወርክ ላይ ቴንስ ሲደባለቅ ይጠፋብኛል፣ ግራመር እንዴት ነው የምታጠኑት?

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቀን ስራ እየዋልኩ ማታ ማታ እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው፣ ዕድሜዬ አርባን ስላለፈ ክላሱ ውስጥ ትልቋ እኔ ነኝ 😅 እሱስ ይሁን። የቸገረኝ ምን መሰላችሁ፣ መምህራችን ፓስት ሲምፕልን ስታስተምረን በደንብ ይገባኛል፣ መልመጃውንም እደፍነዋለሁ፣ ቀጥሎ ፕረዘንት ፐርፌክት ስንማር እሱንም እደፍነዋለሁ፣ ከዛ ሁለቱን አደባልቃ ሆምወርክ ስትሰጠን ግን ደብተሬ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነው የሚመለስልኝ። ለምሳሌ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብዬ ጻፍኩ፣ ኤክስ ሆነ። «ትላንት አይቼዋለሁ» ማለት አይደል እንዴ? ምኑ ነው ጥፋቱ?

ሪፖርትድ ስፒች ላይ ደግሞ «ነገ እመጣለሁ አለኝ» ለማለት «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ከም ቱሞሮው» ብዬ እሱም ኤክስ። መምህሯን እንዳልጠይቅ ተማሪው ብዙ ስለሆነ ጊዜ የላትም፣ ልጄ ደግሞ «እማ ለኤአይ ስጪውና ይስራልሽ» ይለኛል፣ እውነቱን ለመናገር ይሰራዋል፣ ግን እኔ ምን ተማርኩ ታዲያ? እናንተ ሆምወርክ እንዴት ነው የምትሰሩት፣ ግራመሩስ እንዴት ነው ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው?

የቾክ አቧራ፦
እህቴ ዕድሜሽን ተይው። ሁለቱም ስህተቶች ከአማርኛ የሚመጡ ናቸው፣ አዋቂዎችን ሳስተምር እነዚህን የማይጽፍልኝ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ «ሃቭ ሲን» ያልሽው። እኛ «አየሁት» እና «አይቼዋለሁ» አለን፣ «አይቼዋለሁ» ከእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ስለዚህ እንደዛ መተርጎምሽ አይገርምም። ልዩነቱ የሚመጣው ጊዜው ሲጠራ ነው። አማርኛ «ትላንት አይቼዋለሁ» ስትይው ምንም አይልሽም፣ እንግሊዝኛ ግን አልቆ የተዘጋ ጊዜ አረፍተ ነገሩ ውስጥ ከገባ ሃቭን አይቀበልም። የስተርዴይ፣ ላስት ዊክ፣ ኢን 2010፣ ቱ ዴይስ አጎ፣ ዌን አይ ወዝ ኤ ቻይልድ፣ ከነዚህ አንዱን ካየሽ በቃ ፓስት ሲምፕል ነው፦ «አይ ሶው ሂም የስተርዴይ»። ጊዜው ካልተጠራ ወይም ገና ካላለቀ ግን ሃቭ ይገባል፦ «አይ ሃቭ ሲን ሂም»፣ «ሃቭ ዩ ሲን ሂም ቱዴይ?» ስለዚህ ሆምወርኩን ስትጀምሪ ግሱን ሳትነኪ መጀመሪያ የጊዜ ቃሎቹን አስምሪባቸው። (አሜሪካኖች ከ«ጀስት»፣ ከ«ኦልሬዲ» እና ከ«የት» (yet) ጋር ፓስት ሲምፕልም ይጠቀማሉ፣ ፊልም ላይ ብትሰሚ ግራ እንዳይገባሽ።)

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ሳይመጣብሽ ልንገርሽ። እኛ «ከ2015 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» እንላለን፣ ግሱ የአሁን ነው፣ ተማሪውም «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ 2015» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ነው ሃቭን የሚፈልገው፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ 2015»። ሲንስ መነሻውን ነው የሚወስደው፣ ርዝመቱን ከሆነ የምትቆጥሪው ፎር ነው።

ሪፖርትድ ስፒቹ ደግሞ እንዲህ ነው። አማርኛ የሰውየውን ንግግር እንዳለ ያስቀምጥና መጨረሻ ላይ «አለኝ» ይላል። «ነገ እመጣለሁ አለኝ» ሲባል የሚመጣው እሱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ቃል በቃል ስታዞሪው ግን «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ከም» ይሆናል፣ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው የምትመጪው አንቺ ሆነሽ አረፍሽው 😀። ስለዚህ በመጀመሪያ «ማነው የሚመጣው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂና «አይ» የሚለውን ወደ «ሂ» ቀይሪ፣ ከዛ ግሱን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሺው፣ ዊል ዉድ ይሆናል፣ ካን ኩድ፣ ኢዝ ወዝ። ቱሞሮውም ቀኑ ካለፈ ዘ ኔክስት ዴይ ይሆናል፦ «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ዉድ ከም ዘ ኔክስት ዴይ»። ነገሩ አሁንም እውነት ከሆነ ግሱን ወደ ኋላ አለመመለስ ይቻላል፣ ፈተና ላይ ግን መልሺው፣ አራሚዎቹ እሱን ነው የሚጠብቁት። አንድ ልጨምር፣ ቶልድ ካልሽ ሰው ያስፈልገዋል (ቶልድ ሚ)፣ ሰይድ ካልሽ ግን «ሰይድ ሚ» የሚባል ነገር የለም።

ነቢብ፦
መምህር ጨርሰውታል፣ እኔ የምጨምረው ስለ አጠናኑ ነው። ለየብቻ ስትሰሪው ደፍነሽ ሲደባለቅ የሚጠፋብሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ገጹ አናት ላይ «ፕረዘንት ፐርፌክት» ተብሎ ተጽፏላ! የትኛውን ልጠቀም የሚለውን ውሳኔ ርዕሱ ወስኖልሽ አንቺ ሃቭ ጨምረሽ ሶስተኛውን ቅርጽ መጻፍ ብቻ ነው የቀረሽ፣ ዋናው ከባድ ነገር ደግሞ ውሳኔው ነው። እኔ የማደርገው ከድሮ መልመጃዎች ከአንዱ ምዕራፍ ሁለት ከሌላው ሶስት እያልኩ ደባልቄ ወረቀት ላይ እገለብጥና ርዕሱን ሳላይ እንደገና እሰራዋለሁ፣ መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ያበሳጫል ግን የሚቀረው እሱ ነው።

ሌላው የስህተት ደብተር ነው። መምህሯ ያረመችውን መልስ ብቻ አይቶ ማለፍ ዋጋ የለውም፣ ስህተቱን፣ የታረመውን፣ ከጎኑ ደግሞ ለምን እንደሆነ በአማርኛ በራስሽ ቃል አጭር ማስታወሻ ጻፊ። ሳምንት ቆይተሽ የታረመውን በእጅሽ ሸፍነሽ እንደገና ሞክሪው። ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ሁሌ የሚመላለሱት የተወሰኑ እንደሆኑ ታያለሽ፣ እኔ ጋ ለምሳሌ ሂ እና ሺ ላይ የምትጨመረዋ ኤስ እና ከዲድ በኋላ ዌንት ማለት ናቸው የማይለቁኝ («ዲድ ዩ ዌንት» ሳይሆን «ዲድ ዩ ጎ» ነው፣ ዲድ ያለፈውን ጊዜ ስለተሸከመው ግሱ እንዳለ ይቀመጣል)።

ኤአይን በተመለከተ ልጅሽ ግማሽ ልክ ነው። አይስራልሽ፣ ግን ያርምልሽ። መጀመሪያ ራስሽ ሰርተሽ ጨርሺ፣ ከዛ አስገቢውና «መልሱን አትንገረኝ፣ ስህተት ያለበትን መስመር ብቻ አሳየኝ» በይው፣ ራስሽ ለማረም ሞክረሽ ካቃተሽ ያኔ ምክንያቱን በቀላሉ እንዲያስረዳሽ ጠይቂው። ደግሞ ሁሉንም አትመኚው፣ አንዳንዴ ትክክል የሆነውንም የተሻለ ነው ብሎ ይቀይርብሻል፣ አንቺ ደግሞ ተሳስቼ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። ለተጨማሪ መልመጃ የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ ድረገጽ ላይ ግራመሩ ከኤ1 ጀምሮ በደረጃ ተከፋፍሎ በነጻ አለ፣ ለማዳመጥ ደግሞ ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ።

ዝም_ብለህ_አውራ፦
ኧረ ግራመር ግራመር እያላችሁ ሰውን አታስጨንቁ። ህጻን ልጅ አፉን ሲፈታ ማነው ፕረዘንት ፐርፌክት ያስተማረው? ስሚ፣ አውሪ፣ ተሳሳቺ፣ በቃ። ግራመር የምታሰላ ሰው ስታወራ አይተሃል? አንድ አረፍተ ነገር ለመጨረስ ይመሻል።

የቾክ አቧራ፦
@ዝም_ብለህ_አውራ ህጻኑ እኮ ከእንቅልፉ እስኪነሳ ተጠብቆ ቀኑን ሙሉ ነው የሚወራለት፣ ያውም ለአመታት፣ እሷ ደግሞ ከስራ በኋላ ያላት የማታ ሰዓት ብቻ ነው። አዋቂ ሰው ህጉ ሲነገረው ልጅ በመስማት ብዛት የሚደርስበትን ነገር በአንድ ምሽት ሊረዳው ይችላል፣ ያንን ጥቅም ለምን ትጥለዋለች? ስለማውራቱ ግን ልክ ነህ። እህቴ የሰራሽውን እያንዳንዱን ሆምወርክ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ከዛ ደብተሩን ዘግተሽ ስለራስሽ እውነት የሆነ ሁለት ሶስት አረፍተ ነገር በዛው ቅርጽ በአፍሽ ተናገሪ። የመጽሐፉን ሰውዬ ታሪክ ማን ያስታውሳል።

እግረ መንገዴን፣ ኢሬጉላር ግሶችን በኤቢሲዲ ተራ ከዝርዝር አትሸምድጂ፣ ሰው ቶሎ የሚሰለቸው እዛ ላይ ነው። ቢ፣ ሃቭ፣ ዱ፣ ሴይ፣ ጎ፣ ጌት፣ ሜክ፣ ኖው፣ ቴክ፣ ሲ፣ እነዚህ በየደቂቃው የሚመጡ ናቸው፣ ሁሉም ኢሬጉላር ናቸው፣ ከነሱ ጀምሪ።

የማታ ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ መምህር በተለይ እርስዎን። «የምትመጪው አንቺ ሆነሽ አረፍሽው» ያሉት ብቻዬን አሳቀኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ርዕስ ሳላይ የሰራሁትን ላምጣና ይዩልኝ እስቲ፦

«አይ ፊኒሽድ ማይ ሆምወርክ ላስት ናይት»
«ሂ ሰይድ ዛት ሂ ዉድ ሄልፕ ሚ»
«አይ ኖው ሂም ሲንስ ቱ ይርስ»
«ሺ አስክድ ሚ ዌር ዱ አይ ዎርክ»

የቾክ አቧራ፦
የላይኞቹ ሁለቱ ንጹህ ናቸው። ሶስተኛው ላይ ሁለት ነገር አለ፣ ትውውቃችሁ እስካሁን ስለቀጠለ «ሃቭ ኖውን»፣ ሁለት አመት ደግሞ ርዝመት ስለሆነ ፎር፦ «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ፎር ቱ ይርስ»።

አራተኛው፣ ጥያቄ በሌላ አረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ ጥያቄነቱን ይተዋል፣ ስለዚህ ዱ ይወጣና ቅደም ተከተሉ ተራ አረፍተ ነገር ይሆናል፦ «ሺ አስክድ ሚ ዌር አይ ዎርክድ»። «የት እንደሚኖር አላውቅም» ስትይም ያው ነው፣ «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ሊቭስ» እንጂ «ዌር ዳዝ ሂ ሊቭ» አይደለም። ይቺን ደግሞ ሞክሪ፦ «ለምን አረፈድሽ አለችኝ»።

የማታ ተማሪ፦
«ሺ አስክድ ሚ ዋይ አይ ወዝ ሌት»?

የቾክ አቧራ፦
ልክ ነሽ። «ሃድ ቢን ሌት» ብትይም ያስኬዳል።